ትልቅ የቤት አኳሪየም፦ ስለ ቧንቧና ፊልተር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ላይ ትልቅ የምንለው ከ400 ሊትር በላይ የሚይዝ፣ ጨው አልባ ውሃ ያለበትን የዓሣ ገንዳ ነው። ነገሩ በቁጥር እንዲጨበጥ አንድ ገንዳ ይዘን እንሄዳለን። ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ጢም ብሎ ሲሞላ 540 ሊትር ይሆናል። ቤቱ አዲስ አበባ ነው። መብራት ይሄዳል፣ ውሃ በፈረቃ ይመጣል። የውጭ አገር ቪዲዮዎች እነዚህን ሁለት ነገሮች ከነጭራሹ አያነሷቸውም። እዚህ ግን የቧንቧው ዕቅድ የሚወጣው በእነሱ ዙሪያ ነው።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይቻላል? ወለሉ ይችለዋል?

መጀመሪያ ክብደቱን እንቁጠር። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 30 ኪሎ ስለሚመዝን ባዶው ገንዳ ብቻውን 100 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ጠጠሩ፣ ማስቀመጫው፣ ከስር ያለው የፊልተር ገንዳ ሲጨመርበት ጠቅላላው ከ800 ኪሎ አያንስም። ይህ ሁሉ የሚያርፈው አንድ ካሬ ሜትር በማትሞላ ቦታ ላይ ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል ሲነደፍ የሚታሰብለት ጭነት ደግሞ በተለምዶ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ነው። ይሄ ማለት ወለሉ ወዲያው ይደረመሳል ማለት አይደለም፤ የ200ው ስሌት ለመላው ክፍል ነው። ግን ክፍሉ መሃል ላይ አያስቀምጡት። ምሰሶና ቢም ባለበት ግድግዳ ጥግ ይሁን። ፎቅ ላይ ከሆኑ ገንዳውን ከማዘዝዎ በፊት ለሲቪል መሐንዲስ ያሳዩ። መሬት ላይ ያለ ቤት ከሆነ ይህን ጥያቄ ይዝለሉት።

ካኒስተር ፊልተር ይበቃኛል ወይስ ሳምፕ ያስፈልገኛል?

ካኒስተር ማለት ተዘግቶ ከገንዳው ስር የሚቀመጠው፣ በሁለት ቱቦ የሚሠራው ባልዲ መሰል ፊልተር ነው። እስከ 300 ሊትር ድረስ እሱን የመሰለ ነገር የለም። ቀዳዳ አያስፈልገውም፣ አይጮህም፣ ልጅ እንኳን ይገጥመዋል።

ከ400 ሊትር በላይ ግን እኔ ሳምፕ እመርጣለሁ። ሳምፕ ከትልቁ ገንዳ ስር የሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ ነው። ውሃው ከላይ በራሱ ክብደት ወደ ሳምፑ ይወርዳል። እዚያ ይጣራል። ከዚያ ፓምፕ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ጥቅሙ ብዙ ነው። ስፖንጁን ለማጠብ ምንም ነገር መፍታት አይጠበቅብዎትም። ማሞቂያውና ሽቦው ከዓይን ይሰወራል። በትነት የሚጎድለው ውሃ የሚታየው ሳምፑ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ትልቁ ገንዳ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ከሁሉም በላይ ውሃው እየተፏፏተ ሲወርድ አየር ያገኛል። ይሄ ለአዲስ አበባ ለምን ወሳኝ እንደሆነ ወደታች እንመጣበታለን።

ጉዳቱ አንድ ነው። በደንብ ካልታቀደ ቤት ያጥለቀልቃል።

መብራት ሲሄድ ውሃው ወለሉ ላይ ይፈስሳል?

ተደጋግሞ የሚጠየቀው ይሄ ነው፤ መጠየቁም ልክ ነው። መልሱ በወረቀትና በእስክርቢቶ የሚሠራ ሂሳብ ነው።

ፓምፑ ሲቆም ሁለት ነገሮች ይሆናሉ። አንደኛ፣ ከመፍሰሻው አፍ በላይ ያለው ውሃ ወደ ሳምፑ መውረዱን ይቀጥላል። በእኛ ገንዳ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 9 ሊትር ነው። ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢወርድ 27 ሊትር። በቧንቧው ውስጥ ያለው ሲደመር 30 እና ከዚያ ትንሽ በላይ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ፓምፑ ውሃ ሲያወጣበት የነበረው መላሽ ቧንቧ ወደ ኋላ መሳብ ይጀምራል። ሳይፈን ማለት ይሄ ነው፤ ከጀሪካን በጎማ ውሃ ስበው የሚያውቁ ሁሉ ያውቁታል። የቧንቧው አፍ ገንዳው ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ከሆነ 20 ጊዜ 9፣ 180 ሊትር ውሃ ወደ ታች ይመጣል። የትኛውም ሳምፕ ይህን አይችለውም።

መፍትሔው ርካሽ ነው። የመላሹን አፍ ከውሃው ወለል አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ያድርጉት። ከዚያ ልክ ከውሃው ወለል ስር ቧንቧው ላይ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ። ውሃው ትንሽ ሲወርድ ቀዳዳው አየር ይስባል፣ ሳይፈኑም ይቆማል። ቀዳዳውን በየጊዜው በጥርስ ብሩሽ ይጥረጉት። አልጌ ይደፍነዋል፣ ቀንድ አውጣም ይገባበታል።

አንዳንድ ቧንቧ ሠራተኛ "ቼክ ቫልቭ አስገባለሁ፣ ጣጣ የለውም" ይልዎታል፤ ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መዝጊያ ማለቱ ነው። ያስገባ። ግን አይመኑበት። ቼክ ቫልቭ ውስጡ አተላ ይይዛል፣ አንድ ቀን ግማሽ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ያ ቀን ደግሞ እርስዎ ቤት የሌሉበት ቀን ነው።

አሁን ሳምፑን እንለካ። 90 በ40 በ45 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሲሠራ ውሃው 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቆም 90 ሊትር ይዟል፤ ባዶ የቀረው ቦታ 72 ሊትር ነው። የሚመለሰው ውሃ ከ35 ሊትር ስለማያልፍ ቦታ ይተርፋል። ሳምፑ ላይ "ከዚህ በላይ አይሞላም" የሚል መስመር በማርከር ያስምሩ። ቤተሰብ ውስጥ ያለ ሰው "ጎደለ ብዬ ሞላሁት" ማለቱ አይቀርም።

ወራጁ ቧንቧ ቢደፈንስ?

ይሄኛው ተቃራኒው ነው። ቅጠል ወይም የሞተ ዓሣ መፍሰሻውን ይዘጋዋል፣ ፓምፑ ግን መግፋቱን ይቀጥላል። ትልቁ ገንዳ ከላይ ይፈስሳል።

ሁለት መከላከያ ይኑርዎት። አንዱ ሁለተኛ ወራጅ ቧንቧ ነው። አፉ ከመጀመሪያው ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ቫልቭ አይገጠምበትም፣ በደህናው ቀን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሌላው የፓምፑን ክፍል ጠባብ ማድረግ ነው። ሳምፑ ውስጥ ፓምፑ ያለበት ክፍል 25 ሊትር ብቻ ከያዘ፣ ከላይ ደግሞ ገንዳው አራት ሴንቲ ሜትር ባዶ ከንፈር ካለው፣ ያ ከንፈር 36 ሊትር ይችላል። ፓምፑ ያለውን ሁሉ ቢገፋ እንኳ አይፈስስም። በደረቅ ሲሠራ ግን ይቃጠላል። ከፓምፕና ከፓርኬ ፓምፕ ይቃጠል።

ስንት ሊትር በሰዓት የሚገፋ ፓምፕ ልግዛ?

ለዚህ መጠን የገንዳው ውሃ በሰዓት አምስት ጊዜ ያህል ቢዞር በቂ ነው። ጠጠርና ድንጋይ ቦታ ስለሚይዝ እውነተኛው ውሃ 450 ሊትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ 2,300 ሊትር አካባቢ ይፈልጋሉ።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ፓምፑ ውሃ ወደ ላይ ሳያነሳ የሚገፋው ነው። ከሳምፕ እስከ ገንዳው ከንፈር 1.2 ሜትር ያህል ከፍታ አለ። ኤልቦዎቹ ሲታሰቡ 1.5 ሜትር እንደማለት ነው። ካርቶኑ ላይ ከፍተኛው ከፍታ 3 ሜትር ከተባለ፣ በ1.5 ሜትር ላይ የሚደርሰው ከግማሽ ብዙም አይዘልም። ስለዚህ የሚገዙት ከ4,500 እስከ 5,000 ሊትር የሚለውን ነው። መላሹ ላይ ቫልቭ ይግጠሙ። የበዛ ፓምፕ ይቀነሳል፣ ያነሰ ፓምፕ ግን አይጨመርም።

የፒፒአር ቧንቧ ልጠቀም ወይስ ፒቪሲ?

አዲስ አበባ ውስጥ ማንኛውም ቧንቧ ሠራተኛ ማሽኑን ይዞ የሚመጣው በሙቀት ለሚበየደው የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ለፒፒአር ነው። ለመላሹ መስመር ምንም አይልም። ለወራጁ ግን ልብ ይበሉ። ቧንቧ የሚጠራው በውጭ ስፋቱ ነው። ባለ 32 ወፍራሙ ፒፒአር ግድግዳው 5.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ውስጡ 21 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ባለ 32 ፒቪሲ ውስጡ 27 አካባቢ ነው። ስሙ አንድ ነው፣ የሚያሳልፈው ውሃ ግን አንድ አይደለም። ፒፒአር ላይ ሌላም ነገር አለ። ሠራተኛው ብረቱ ላይ አቆይቶ ከበየደው የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ ቀለበት ይሠራል። ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ ካለ ቧንቧው ታንቋል። ሲጨርስ በእያንዳንዱ ቁራጭ ውስጥ በባትሪ ብርሃን ይዩ።

የእኔ ምርጫ፦ ዋናው ወራጅ 32 ፒቪሲ፣ መጠባበቂያው 40 ፒቪሲ፣ መላሹ 32 ፒፒአር ወይም ፒቪሲ። ገንዳውና ፓምፑ አጠገብ ዩኒየን፣ ማለትም በእጅ የሚፈታ መገጣጠሚያ፣ ይግባ። አለበለዚያ ለመጠገን መጋዝ ይዘው መምጣትዎ ነው። ፒቪሲ በማስቲሽ ከተያያዘ በኋላ አንድ ቀን ይድረቅ፣ ከዚያ ይታጠብ። ጋልቫናይዝድና ነሐስ ውሃው ሁልጊዜ በሚዞርበት መስመር ውስጥ አይግባ። ዚንክና መዳብ ቀስ በቀስ ይሟሟሉ፤ መዳብ በተለይ ለቀንድ አውጣና ለሽሪምፕ መርዝ ነው።

ወራጁ እንደ ሽንት ቤት ይንጎራጎራል። ምን ላድርግ?

የሚጮኸው ውሃና አየር አብረው ስለሚወርዱ ነው። ዋናው ወራጅ ላይ፣ ከስር፣ ብዙ ዙር እየዞረ ቀስ ብሎ የሚዘጋውን ጌት ቫልቭ ይግጠሙ። ፓምፑን ያስነሱና ቫልቩን በትንሽ በትንሹ ይዝጉ። ቧንቧው ውሃ ብቻ ይሞላና ድምፁ ድንገት ጸጥ ይላል። የተረፈችው ቀጭን ውሃ በመጠባበቂያው በኩል ትንጠባጠብ። ሩብ ዙር የሚዘጋው ቦል ቫልቭ ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ትንሽ ሲነኩት ብዙ ይዘጋል።

መስታወቱን ራሴ ልብሳ?

ገና ካላሠሩት አይልፉ። መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ መስታወት ቆራጩ ጠፍጣፋውን ከመገጣጠሙ በፊት እንዲበሳው ያድርጉ። መጀመሪያ ግን ቧንቧውን ከመስታወቱ ጋር የሚያያይዘውን ማያያዣ ይግዙ፣ ይዘውለት ይሂዱ፣ በእሱ ልክ ይብሳ። "32 ቀዳዳ" ብለው በስልክ ካዘዙ የሚመጣው ለ32 ቧንቧ የማይሆን ቀዳዳ ነው፤ ማያያዣው ከቧንቧው ይሰፋልና። ቀዳዳው ከጠርዙ ቢያንስ የራሱን ስፋት ያህል ይራቅ።

ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወት በምንም ዓይነት አይበሳም፤ እንደነኩት ይፈረካከሳል። ፋብሪካ የሠራቸው ገንዳዎች ወለላቸው ብዙ ጊዜ ቴምፐርድ ነው።

ሲሊኮን የትኛውን?

ኮምጣጤ የሚሸተውን፣ "ፀረ ሻጋታ" የማይለውን። የመታጠቢያ ቤቱ ሲሊኮን ሻጋታ የሚገድል መድኃኒት አለው፤ ዓሣም ይገድላል። ውሃ ከመሙላትዎ በፊት አንድ ሳምንት ይስጡት።

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች የሚለወጥ ነገር አለ?

አለ፤ የሚገርመው ማንም አያነሳውም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ ባሕር ዳርቻ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ሊይዝ ይችላል፤ እዚህ ግን ከ6 ብዙም አይዘልም። ዓሣውም፣ ፊልተሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም የሚካፈሉት ያንን ነው።

ስለዚህ ጂቡቲ ወይም ዱባይ ያለ ሰው በአንድ ገንዳ ያኖረውን ያህል ዓሣ እዚህ አይጨምሩ። ወራጁ ሳምፑ ውስጥ እየተረጨ እንዲገባ፣ መላሹም የውሃውን ወለል እንዲያንቀሳቅስ ያድርጉ። የአየር ፓምፕም ይጨምሩ። ቀዝቃዛ ውሃ ኦክስጅን በተሻለ ይይዛል። በዚህ ላይ ጎልድ ፊሽ ማሞቂያ አይፈልግም። ሞቃታማ ዓሣ ከመረጡ ግን ለ450 ሊትር ሁለት ባለ 250 ዋት ማሞቂያ ያስፈልጋል። ሁለቱ የቀኑን ግማሽ ቢሠሩ በቀን 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ቆጣሪውን ያስቡት።

ሳምፑ ውስጥ ምን ልጨምር?

ቅደም ተከተሉ ይኸው። ውሃው መጀመሪያ ሻካራ ስፖንጅ ያገኛል፤ እዚያ ቆሻሻው ይቀራል። ቀጥሎ ባክቴሪያ የሚኖርበት ነገር ይመጣል። መጨረሻ ላይ ፓምፑ።

ከውጭ የሚመጡት የሴራሚክ ቀለበቶች ጥሩ ናቸው፣ ዋጋቸው ግን ያስደነግጣል። ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀዩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ባክቴሪያ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። የዋልነት ፍሬ የሚያህሉትን ይምረጡ፣ ዱቄቱ እስኪያልቅ ደጋግመው ይጠቡ፣ በመረብ ከረጢት ያስገቡ። መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ቀይ ጭቃ ይመስላል፤ አይደንግጡ።

ከሰል መድኃኒት ከሰጡ በኋላ ውሃውን ለማጥራት ይጠቅማል። ሁልጊዜ አያስፈልግም። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አይጠቡት፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይፈጀዋል። ከገንዳው በቀዱት ውሃ ይጭመቁት።

መብራት ለብዙ ሰዓት ቢጠፋ ዓሣዎቹ ምን ይሆናሉ?

መጀመሪያ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው። ሁሉንም ነገር በባትሪ ማስኬድ የለብዎትም። 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የሊድ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ጥሩ ነው፤ ስለዚህ 600 ይቀርዎታል። 50 ዋት የሚበላ ፓምፕ ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ተቀንሶ አሥር ሰዓት ያህል ይሄዳል። 5 ዋት የሚበላ የአየር ፓምፕ ግን ለቀናት ይሠራል። እኔ ብሆን ባትሪውን ለአየር ፓምፑ ብቻ እሰጠዋለሁ። ምግብም አልሰጥም፤ ያልበላ ዓሣ ውሃውን ብዙ አያቆሽሽም።

ካኒስተር ላላችሁ አንድ ማሳሰቢያ። ተዘግቶ የቆመ ካኒስተር ውስጥ ያለው ኦክስጅን በጥቂት ሰዓት ያልቃል፣ ውሃውም ይበላሻል። ብዙ ሰዓት ቆይቶ መብራት ሲመጣ ያ የገማ ውሃ በቀጥታ ገንዳው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ ከፍተው በገንዳው ውሃ ያለቅልቁ፣ ከዚያ ያስነሱት።

የቧንቧ ውሃ በቀጥታ ልጨምር?

አይሆንም። ከለገዳዲና ከገፈርሳ የሚመጣው የግድብ ውሃ፣ ከአቃቂ የሚመጣው የጉድጓድ ውሃ ነው። የማዕድን መጠናቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሰፈርዎ የሚደርሰውን በመለኪያ ይወቁት። ክሎሪን ግን ሁሉም ውስጥ አለ።

በሳምንት ሩቡን ውሃ መቀየር ማለት 110 ሊትር ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን ከአምስት በላይ ነው፤ በየሳምንቱ ተሸክመው አይዘልቁትም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ለገንዳው ብቻ የሚሆን ትንሽ ሮቶ በዕቅዱ ውስጥ ያስገቡ። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ይሞላል። ጠፍቶ የመጣ ውሃ መጀመሪያ ቡናማ ነው፤ እሱ ይፍሰስ፣ ጠራ ሲል ይቅዱ። ክዳኑን ገርበብ አድርገው የአየር ድንጋይ እየነፋ አንድ ቀን ይደር። ክሎሪኑ ይወጣል። ከቸኮሉ ሶዲየም ታዮሰልፌት ወዲያው ያጠፋዋል። የድሮው ውሃ በጎማ ወደ ሻወር ወይም ወደ አትክልት ይሂድ፤ አዲሱ በትንሽ ፓምፕ ከሮቶው ወደ ሳምፑ ይግባ። ለጽጌረዳ ከድሮው የገንዳ ውሃ የተሻለ የለም።

ሳምፑን ከከተማው መስመር ጋር በተንሳፋፊ መዝጊያ በቀጥታ አያገናኙ። መዝጊያው አንድ ሌሊት ቢያዝ ክሎሪን ያለበት ውሃ ገንዳውንም ሳሎኑንም ይሞላዋል።

ዘመድ ከአሜሪካ ፓምፕ ሊያመጣልኝ ነው። ይሠራል?

የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን ግን አይነካም። የተለመደው የአኳሪየም ፓምፕ ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ስለሆነ በስድስተኛው ያህል ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ከፍታ ላይ የሚያደርሰው ውሃም በደንብ ይቀንሳል። የሳዑዲውም 60 ኸርዝ ነው፤ የዱባዩ 50 ነው። ይልቅ "በዲሲ የሚሠራ፣ አዳፕተሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል" ብለው ይዘዙ። እሱ የትም አገር አንድ ነው።

ኤሌክትሪኩስ?

ዲቫይደሩን ሳምፑ ካለበት ካቢኔ ውጭ፣ ከፍ አድርገው ግድግዳ ላይ ይምቱት። እያንዳንዱ ሽቦ ከሶኬቱ በታች ወርዶ ተመልሶ ይውጣ፤ በሽቦው የሚንጠባጠብ ውሃ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ። 30 ሚሊ አምፒር ላይ የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መከላከያ ብሬከር ያስገጥሙ፣ ኧርዙም እውነተኛ መሆኑን ኤሌክትሪሻን ይለካ። እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት ሶኬት ይንቀሉ።

ሁሉም ተገጥሟል። ዓሣ መቼ ልጨምር?

መጀመሪያ በባዶ ውሃ ይሞክሩት። ፓምፑን ያስነሱ፣ ከዚያ ሶኬቱን ንቅል አድርገው ሳምፑ አጠገብ ቆመው ይመልከቱ። ውሃው ካሰመሩት መስመር ሳያልፍ ከቆመ ደህና ነው። ከዚያ ዋናውን ወራጅ በእጅዎ ይድፈኑና መጠባበቂያው መቻሉን ይዩ። በየመገጣጠሚያው ስር ደረቅ ሶፍት አንጥፈው ያሳድሩ፤ ጠዋት የረጠበው ሶፍት ያለበት ቦታ ያፈስሳል።

ዓሣው ግን ይቆያል። ዓሣ የሚያወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ሬድ አሹ ላይ እስኪሰፍሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያም ይረዝማል። ጤነኛ ገንዳ ያለው ወዳጅ ካለዎት የቆሸሸ ስፖንጁን ይለምኑት፤ ሳምፕዎ ውስጥ ቢጨምቁት ጊዜው ያጥራል። ለባክቴሪያዎቹ ምግብ እንዲሆን ትንሽ የዓሣ ምግብ ጣል ያድርጉና በየጥቂት ቀኑ ይለኩ። አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ሲታይ ሁለት ሦስት ዓሣ ያስገቡ። ሌሎቹን ከሁለት ሳምንት በኋላ።